ገባ ብሎ የተጻፈው ቃል

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ነጠላ ሰረዝ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የጥረዛ ክፍሉ ቀልደኛ ነው። ስታወራ በየመሃሉ ቆም ብላ ትተነፍስና ትቀጥላለች፤ ሰው የጨረሰች መስሎት ሊመልስላት አፉን ሲከፍት እሷ ገና መንገድ ላይ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ተቆጥታ ነበር። በኋላ ግን «ከአራት ነጥብ ይሻላል፤ እሱማ ከመጣ ነገር አለቀ ማለት ነው» ብላ ስሙን ተቀበለችው።

ሥራዋ ገጽ ማቀናበር ነው። ደራሲውም፣ መምህሩም፣ መሥሪያ ቤቱም የጻፈውን ያመጣል፤ እሷ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታ መጽሐፍ መጽሐፍ የሚሸት መልክ ትሰጠዋለች። የታይፕ መኪና ጆሮዋን ካደነቆራት ዘመን ጀምሮ እዚያው ናት። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል፣ ከግድግዳው ማዶ የሚያጓራ ማሽን፣ የቀለምና የሙጫ ሽታ፣ ወገቧ ሥር የምትሸጉጣት ትንሽ ትራስ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅም አልወለደችም። ከሥራ ስትወጣ ደጅ ደጁን የሚያይላት ሰው ቢኖር እናቷና የወንድሟ ልጅ ብቻ ነበሩ።

የገጽ አቀናባሪ ዓይን ያያል እንጂ አያነብም። ጠርዙ ቀጥ ማለቱን፣ መስመሩ አለመላላቱን፣ ርዕስ ብቻውን ገጽ ግርጌ ላይ ተንጠልጥሎ አለመቅረቱን ያያል። ጽሑፉ ምን እንደሚል ብትጠይቋት ግራ ትጋባለች። አንድ ጊዜ የሒሳብ መጽሐፍ ሠርታ ስትጨርስ «ስለ ምንድን ነበር?» ቢሏት «ስለ ብዙ ሠንጠረዥ» ብላ ሰው አስቃለች።

የምትሠራበት ፕሮግራም እያንዳንዱን አንቀጽ ልብስ ያለብሰዋል። ልብሱ ስም አለው፤ ስታይል ይሉታል። ርዕስ የርዕስ ስታይል አለው፣ ተራው ጽሑፍ የተራ፤ ከሌላ ሰው አፍ የተወሰደ ቃል ደግሞ ከግራና ከቀኝ ገባ ብሎ ፊደሉ ዘንበል ይላል። ጣጣው የሚመጣው አንቀጹ ከአንድ ሰነድ ተቀድቶ ሌላው ውስጥ ሲለጠፍ ነው። ልብሱን ይዞ ይግባ ወይስ የገባበትን ቤት ልብስ ይልበስ?

ነገሩ ሲሰሙት የሕፃን እንቆቅልሽ ይመስላል፤ በማተሚያ ቤቱ ግን ሰው አኳርፏል። አንድ ጊዜ ስለ መስኖ የተጻፈ ወፍራም ጥናት መጣ። ከየባለሙያው የተለቃቀመው ጽሑፍ ሁሉ የየራሱን ልብስ ይዞ ገባ። አንዱ ርዕስ ሐምራዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ አንቀጽ የተጨናነቀ፣ ሌላው የተበታተነ። ያንን ስታጸዳ ዓይኗ ደም መሰለ። ከዚያ ወዲያ ነጠላ ሰረዝ ምላ ተገዘተች። የፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ ገባችና፣ ከውጭ የሚለጠፍ ጽሑፍ ሁሉ የራሱን ስታይል ጥሎ ጠቋሚው የቆመበትን አንቀጽ ስታይል እንዲለብስ አደረገችው።

ኮምፒውተሮቹን የሚጠግነው ወጣት፣ ሁሉም «ኢንጂነሩ» የሚለው፣ ይህን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር አንድ ቀን ጉድ ያፈላብዎታል» አላት። «ስታይል እኮ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ‹ይቺ የእኔ ቃል አይደለችም› የሚልበትም ነው። ስሙ የእኛ ቤት ውስጥ ያለ ስታይል ስሙን ይዞ ይግባና የእኛን መልክ ይልበስ። የማናውቀው ስም ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ ይጠይቀን።»

«ሰው ቤት የገባ በቤቱ ደንብ ይኖራል» አለች፤ ቆም ብላ ተነፈሰችና «ያንተ ፕሮግራም ሲጠይቀኝ እኔም ስመልስለት ጀምበር ትጠልቃለች።»

«እንግዲህ እኔ ነግሬያለሁ።»

ትናንት የመጣ ልጅ ሊመክረኝ፣ ብላ በሆዷ አጉረመረመች። ነገሩ እዚያ ላይ ቀረ።

ወንድሟ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ታላቋ ስለሆነ «ወንድምጋሼ» ትለዋለች። ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ሲሰለቸው የሕይወት ታሪኬን ልጻፍ አለ።

«ማን ሊያነበው?» ብትለው «አንቺ ነሻ! ካላቀናበርሽው መች ይታተማል» ብሎ ሳቀባት። አቀናባሪ እንደማያነብ አላወቀም፤ እሷም አልነገረችውም።

መጽሐፉ ግን ከተጠበቀው በላይ ጣፈጠ። ያጣፈጠችው እናታቸው ናት። እናታቸው ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ፣ ቀልዷ የሚያቆስል፣ ምክሯ ደግሞ ከገደል የሚመልስ ሴት ናት። አሁን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆናለች እንጂ አፏ አላረጀም። ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ እሷ ያለችውን እየመረጠ በየምዕራፉ አስገባ። «እናቴ እንዲህ አለች» እያለ መደጋገሙ አሰልቺ ስለሆነበት፣ መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «በዚህ መጽሐፍ ገባ ብሎ የተጻፈው ሁሉ የእናቴ ቃል ነው» ብሎ ጻፈና ተገላገለ። ነጠላ ሰረዝም ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችውና «የእማዬ ቃል» የሚባል ስታይል ፈጠረችለት፤ አሠራሩንም አሳየችው። ሽማግሌው እንደ ልጅ ደስ አለው። ቤቱ ሄዶ የእናቱን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ራሱ ማልበስ ጀመረ።

አንድያ ልጁን «ጌጤ» ይላታል። ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው፤ እሱ ጌጤ ሲል ሲል ሌላው ተረሳ። አንድ እግሯ ከሌላው አጥሮ ነው የተወለደችው። እናቷ ከወሊዱ በኋላ ሆስፒታል ተኝታ ሳትነሳ ስለቀረች፣ አባቷና አክስቷ አያቷም ሆነው አሳደጓት። አሁን መነጽር ቤት ትሠራለች፤ የሰው ዓይን ትለካለች፣ ለየፊቱ የሚስማማውን ፍሬም ትመርጣለች። ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በየጠዋቱ አያቷ ዘንድ ጎራ ብላ ታጥባታለች፣ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። «እማማ» ስትላት ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ሙቀት አለ። ነጠላ ሰረዝ አንዳንዴ ከበር ቆማ ታያቸውና እኔ የወለድኩት እንኳ ቢኖር እንዲህ አይጠብቀኝም ትላለች።

ወንድሟ መጽሐፉን በአንድ ፋይል ሲልክላት ከሦስተኛው ምዕራፍ ዘሎ አምስተኛው ላይ አረፈ፤ እሷም መቅዳትና መለጠፍ ሳያስፈልጋት እዚያው ፋይሉ ላይ አቀናበረችው።

«አራተኛው የታለ?» አለችው።

«እሱ ይቆይ። እሱ ከባድ ነው።»

ልቡን ያመው ነበር፤ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ግድግዳ የሚደገፍ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ደወለላት። «አራተኛውን ልኬልሻለሁ። ልብሱን አልብሼዋለሁ፤ እንዳታራቁቺው» ብሎ ቀለደ። ሳምንቱ ሳይወጣ ልቡ ቆመ።

ከቀብር በኋላ ሥራ ስትገባ ፋይሉን ከፈተችው። ርዕሱ «ጌጤ የተወለደች ዕለት» ይላል። ከርዕሱ ማለፍ አቃታት፤ ፊደሉ በእንባ ተዋኘባት። ጠቅላላውን መርጣ ቀዳችው፣ ከሦስተኛው ምዕራፍ ሥር ለጠፈችው፣ ርዕሱን በእጇ አስተካከለችው። ገጹን ራቅ ብላ አየችው። ጥርት ያለ ነው፤ ጠርዙ ቀጥ ብሏል። አራሚውም ፊደል አረመ እንጂ የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ምን ያውቃል? መጽሐፉ ታተመ። ለዘመድ ተሰጠ፣ ለቀድሞ ተማሪዎች ተሰጠ፤ ሁሉም «ሰውዬው ሲናገር የምንሰማው መሰለን» አለ። ጌጤ የራሷን ቅጂ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ ሄደች።

ከዚያ ጠፋች።

ስልክ አታነሳም። ጠዋት ጠዋት አያቷ ዘንድ መምጣቷን አልተወችም፤ አክስቷ በዕረፍት ቀኗ ስትመጣ ግን ቀድማ ውልቅ ትላለች። ነጠላ ሰረዝ ሐዘን ነው ብላ ታገሠች። አንድ ቀን ግን እናቷ «ልጅቷ ምን ሆናለች?» አለቻት። «አባቷን ሳነሳባት ፊቷ ይጠቁራል። ግድግዳው ላይ የነበረውን ፎቶውን አውርዳለች አሉ።»

 በማግሥቱ በምሳ ሰዓት መነጽር ቤቱ ሄደች። ጌጤ የአንድ ሽማግሌ አፍንጫ ላይ ፍሬም እያስተካከለች ነበር። አክስቷን አየችና ሥራዋን ሳታቋርጥ ሰውየውን ሸኘች፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ የተበተኑትን መነጽሮች መሰብሰብ ያዘች።

«ምን በደልኩሽ?» አለች ነጠላ ሰረዝ።

«አንቺ ምንም።»

«ታዲያ ማን?»

ጌጤ አንዱን መነጽር ጠረገች፤ ንጹሕ ነበር፣ ደግማ ጠረገችው። «አክስቴ፣ አንቺ ነሽ ያቀናበርሽው፤ አንብበሽ ምንም አልመሰለሽም?»

«የቱን?»

«አራተኛውን። ጌጤ ጌጤ እያለ ያሳደገኝ ሰው ሆዱ ውስጥ ምን ተሸክሞ እንደኖረ አንብቢው። በሕይወት እያለ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? መልስ እንዳልሰጠው ሞቶ ጠበቀኝ።»

ነጠላ ሰረዝ አላነበብኩትም ለማለት አፈረች። መንገድ ዳር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ቅጂ ገለጠችው። እንዲህ ይላል፦

«ሐኪሙ የልጅቷን እግር አገላብጦ አየና ዕድሜ ልኳን እንዲሁ እንደምትሆን ነግሮን ወጣ። ቤቱ ጭር አለ።

«ይህች ልጅ ለማንም አትሆንም። እግዜር ቢወስዳት ለእሷም ለእኛም ዕረፍት ነው። ወተት ፍለጋ አንንከራተት፤ በራሷ ጊዜ ትሄዳለች።

«ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ከቤት አልወጣሁም። ሥራዬንም ተውኩ። ሰው ማየት አስጠላኝ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን ቃል ታውቀዋለች። የፈላ ጡጦ በፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማ በጆሮዋ ሰምታዋለች። ያለችው እናታቸው ናት። ወንድሟ ያን ቀን መልስ አልሰጠም፣ እሷም ትንፍሽ አላለችም፤ ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ስለዚያች ቀን ያነሳ ሰው የለም። አሁን ግን የመካከለኛው አንቀጽ እንደ ፊቱና እንደ ኋላው ሁሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተዘርግቷል። ገባ አላለም፣ ዘንበል አላለም። የእናትየው ቃል የልጅየውን ልብስ ለብሶ በእሱ አፍ ይናገራል።

ቢሮ ስትገባ ማንንም ሳታናግር ወንድሟ የላከላትን ፋይል ከፈተች። አንቀጹ እዚያ ቦታው ላይ ነው፤ ገባ ብሎ፣ ዘንበል ብሎ። ጠቋሚዋን ብታሳርፍበት ስሙ ብቅ አለ፦ «የእማዬ ቃል»። ምስኪኑ ሰው እንዳስተማረችው አልብሶ ልኮላታል። ያወለቀችው እሷ ናት፤ አንድ ጊዜ ለጥፋ።

ኢንጂነሩ ገመድ ሊያስተካክል ገብቶ ፊቷን ሲያይ ደነገጠ። ነገረችው። ነግሬዎት ነበር ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን ወንበር ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ዋናው ፋይል አለ እኮ፣ እትዬ። ያሳዩዋት፤ ያልቃል።»

«አያልቅም» አለች። ቆም አለች፤ ለመቀጠል ግን ትንፋሽ አጣች። ለልጁ ምን ብላ ታስረዳው? የሞተው ወንድሟ ንጹሕ እንዲሆን በሕይወት ያለችው እናቷ መቆሸሽ አለባት። ጌጤ በየጠዋቱ ጀርባዋን የምታጥብላት፣ ጥፍሯን የምትቆርጥላት እማማ።

በዕረፍት ቀኗ እናቷ ዘንድ ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። አሮጊቷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ሰማች።

«ጻፈው?» አለች በመጨረሻ።

«ጻፈው።»

«እኔ የረሳው መስሎኝ ነበር።» ከንፈሯን ነከሰች። «አትንገሪያት።»

«እማዬ፣ ልጅቷ አባቷን ጠልታ…»

«የሞተ ተጎዳ ሲባል አልሰማሽም? እሱ አይሰማ፣ አይታመም። እኔ ግን በየጠዋቱ እጇ ላይ ነኝ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እስክሞት ጠብቂ። ሩቅ አይደለም።»

ነጠላ ሰረዝ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ስትውጠው ግን አልወርድ አላት። ሥራ ላይ ገጽ ታያለች፣ አንቀጹ ይታያታል። በመሃሉ ጌጤ የአባቷን ካርታዎችና ሉል ለአንድ ትምህርት ቤት መስጠቷን ሰማች። ቀጥሎ ልብሱን፣ ቀጥሎ የንባብ ወንበሩን። ሰውዬው ከቤቱ ቁራጭ በቁራጭ እየወጣ ነበር፤ ሁለተኛ የመቀበር ያህል። ኮምፒውተሩንም ልትሸጠው ነው የተባለ ዕለት ለወንድሟ እህት መሆኗ ለእናቷ ልጅ ከመሆኗ በለጠባት። ሁለቱንም ገጽ አተመችና፣ የወንድሟን አንዱን፣ የራሷን ሌላውን፣ ይዛ ጌጤ ቤት ሄደች።

ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። እየተንተባተበች አስረዳች፤ ስታይሉን፣ መለጠፉን፣ ቅንብሩን፣ ኢንጂነሩ እንዳስጠነቀቃት፣ እሷ እምቢ እንዳለች። በመጨረሻም ቃሉ የእማማ መሆኑን ነገረቻት።

ጌጤ ወረቀቶቹን አየች፤ ሥራዋ ማየት ነውና በደንብ አየቻቸው። ከዚያ መልሳ ገፋቻቸው።

«አክስቴ፣ አንቺ እኮ የፈለግሽውን አንቀጽ የፈለግሽውን ልብስ ታለብሺያለሽ። ቅድም ያለበስሽው ላለመሆኑ ማን ይመሰክራል?»

«እኔ!»

«አንቺማ እህቱ ነሽ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሱን ከደሙ ልታነጺልኝ ብለሽ እማማን ታስይዢያለሽ? እሷን እንኳ ተዪልኝ እንጂ! ሌላ ማን አለኝ?»

 ነጠላ ሰረዝ ዕድሜዋን ሙሉ የኮራችበት እጅ ለምስክርነት የማይበቃ ሆነ። ብድግ ብላ በሩ ጋ ስትደርስ ጌጤ ከኋላዋ «ነገ ጠዋት እጠይቃታለሁ» አለች። «አንቺም ነይ። ፊት ለፊቷ ድገሚው።»

በማግሥቱ ስትደርስ ውሃው ሞቋል። አሮጊቷ ወንበሯ ላይ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች፤ ጌጤ ፀጉሯን እያጠበችላት ነው። ነጠላ ሰረዝ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ» አለች ጌጤ፣ እጇ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ፤ «እኔ ስወለድ ምን አልሽ?»

አሮጊቷ ዓይኗን ገለጠች። በሩ ላይ የቆመችውን ልጇን አየቻት። ነጠላ ሰረዝ ልትናገር አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት።

«ብያለሁ» አለች። «እሷ የነገረችሽን ብያለሁ።»

የጌጤ ጣቶች ቆሙ።

«አባትሽ መልስ አልሰጠኝም። አቀፈሽና ሸሚዙ ውስጥ ከተተሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጣም። ሥራውን የተወው ስላፈረብሽ አይደለም፤ ለእኔ ጥሎሽ መውጣት ፈርቶ ነው። ወተቱን ራሱ ያሞቃል፣ ራሱ ያጠጣሻል። እኔ ስጠጋ ዓይኑን ከእጄ ላይ አያነሳም።»

«ታደርጊው ነበር?»

 የሳሙናው ውሃ በአሮጊቷ አንገት ቁልቁል ይወርዳል።

«አላውቅም» አለች። «የለም ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር። ግን አላውቅም። ልጆቼን ብቻዬን ሳሳድግ ያየሁትን አይቼ፣ አንቺም እንደዚያ እንዳትሆኚ ፈርቼ ነው እያልኩ ለራሴ ነግሬያለሁ። እውነት ይሁን ውሸት እሱንም አላውቅም።»

«መቼ ነው ታዲያ የወደድሽኝ?»

«ቀኑን አላውቀውም። አንድ ጊዜ ተረከዙ ከፍ ያለ የልጅ ጫማ ፍለጋ ከአንዱ ጫማ ሰሪ ወደ ሌላው ስዞር ራሴን አገኘሁት። ያኔ ከወደድኩሽ ቆይቶ ነበር ማለት ነው።»

 ጌጤ ማሰሮውን አንስታ ፀጉሩን አለቀለቀችው፤ ሳሙናው ጥርግ እስኪል። አደረቀችው፣ አበጠረችው፣ ጎነጎነችው። ከዚያ እጇን ጠረገችና ቦርሳዋን አንስታ በአክስቷ አጠገብ አልፋ ወጣች። ደረጃው ላይ ያ እኩል ያልሆነ ኮቴዋ እስኪጠፋ ሁለቱም አዳመጡ።

«አሁን ደስ አለሽ?» አለች እናቷ።

ደስታ የት ተገኝቶ! ከዚያ በኋላ ጌጤ መምጣቷን አቆመች። ነጠላ ሰረዝ ከሥራ በፊት እየመጣች እናቷን ታጥባለች፤ እጇ አልለመደምና ሳሙና ዓይኗ ውስጥ ይገባል። አሮጊቷ አትቆጣም፣ ያ ምላሷ ጸጥ አለ፤ ያ ደግሞ ከቁጣው ይልቅ ያስፈራል። ምግብ ስታቀርብላት ሁለት ጊዜ ጎርሳ ትገፋዋለች። መጠበቅ ነበረብኝ ይሆን፣ ትላለች ነጠላ ሰረዝ አውቶቡስ ውስጥ። መልሳ ደግሞ የወንድሟ ሸሚዝ ይታያታል፤ በሱ ውስጥ የተሸጎጠችው ሕፃን። የቱ ይበልጣል? ማንም አልነገራትም።

አንድ ጠዋት ውሃ ልታሞቅ ስትገባ ድስቱ ተጥዷል። ጌጤ ማበጠሪያውን ይዛ ቆማለች። ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሌላ አልተነጋገሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ቀድሞው ትመጣለች፣ ታጥባለች፣ ታበጥራለች። «እማማ» ግን አትልም። «ቀና በዪ»፣ «እጅሽን ስጪኝ» ትላለች፣ ስም ሳትጠራ። አሮጊቷም ታውቃለች፤ ቀና ትላለች፣ እጇን ትሰጣለች። የአባትየው ፎቶ ግድግዳው ላይ ተመልሷል፤ ሉሉንና ካርታዎቹን ትምህርት ቤቱ ልጆች ለምደውታል ብሎ አልመለሰም።

ያ አንቀጽ ያለበት የመጽሐፉ ቅጠል ታርሞ በድጋሚ ይታተም ያለችው ጌጤ ናት። አሮጊቷ ስትጠየቅ «ስሜን ጽፋችሁ አታውጡኝ እንጂ ገባ ማለቱ ይበቃል» አለች። ነጠላ ሰረዝ ዘመድ ቤት እየዞረች አሮጌውን ቅጠል ነቅላ አዲሱን ለጠፈች። አንዳንዱ ልዩነቱን እንኳ አላየም። አንዲት ባልቴት ግን ሁለቱን አስተያይታ ገባትና መጽሐፏን ነጠቀቻት፤ «ሴትዮዋ ሳትሞት? እኔ ቤት አይለወጥም!» ብላ በሩን ዘጋችባት።

በሥራዋም ቅንብሩን አስለወጠች። ኢንጂነሩ ያኔ እንዳለው አደረገላት፤ የሚታወቅ ስም ስሙን ይዞ ይገባል፣ የማይታወቅ ሲመጣ ፕሮግራሙ ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ ይጠይቃታል። ሥራው ስለተንቀራፈፈ የጥረዛ ክፍሉ ያጉረመርማል፤ እሷ ግን እያንዳንዱን አንብባ ትመልሳለች። ማንበብ ከጀመረች ወዲህ ዓይኗ ይደክማል። መነጽር ያስገባችላት ጌጤ ናት።

የታረመው ቅጠል ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ጌጤ ራሷ ማተሚያ ቤት መጥታ ነበር። በጠባቧ ክፍል አክስቷ አጠገብ ተቀምጣ የአባቷን ፋይል ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አየችው። የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ጣቷ ቆመ። አንድ አጭር አንቀጽ አለ፦ «ይቅር ብያለሁ። አልረሳሁም ግን።»

«ይኼስ የማን ነው?»

ነጠላ ሰረዝ ጠቋሚዋን አሳረፈችበት። ስታይሉ ተራ ነው። ግን ከግራ በኩል በቁልፉ አንድ በአንድ እየተመታ በባዶ ቦታ ገባ እንዲል ተደርጓል። ሰውዬው ደክሞት ስታይሉን ማልበስ አቅቶት ይሆን? ወይስ እጁ በስህተት ቁልፉ ላይ አርፎ? እናትየዋ ለልጇ ያለችው ነው ወይስ ልጅየው ለእናቱ? አስቀድማ እናቷን ብትጠይቃት «ብዬው ይሆናል፤ ብሎኝም ይሆናል» ነበር ያለቻት።

«አላውቅም» አለች።

ጌጤ ስክሪኑን ብዙ አየችው።

«እንዳለ ተዪው» አለች።

እንዲህ ባለ ባዶ ቦታ የተገፋ መስመር ያየ አቀናባሪ እጁን ይበላዋል፤ ወይ ያስገባዋል፣ ወይ ያወጣዋል። ነጠላ ሰረዝ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ ገጹም እንደዚያው ሄዶ ታተመ።